የእናቴ ተጨማሪ ጥያቄ

ውድ እማዬ፣

ከቀብርሽ ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሁሉ «ነፍሷን በሰላም ያሳርፍልን» ይለኛል። አሜን አልልም። እንግዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቷል ይላሉ። ለምን እንደማልል ከሌላ አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

ጥያቄሽ ተነበበ። ምክር ቤታችሁ በቁም የነፈገሽን ክብር ከሞት በኋላ ሰጠሽ። አባል ቢሞት ያስገባው ጥያቄ አብሮት አይቀበርም፤ የተጠየቁት ሚኒስትሮች መልሰው እስኪጨርሱ አጀንዳ ላይ ይቆያል፣ ወንበሩም እስከዚያ ለሌላ አይሰጥም። ጥያቄውን ከአጀንዳ ማስወጣት የሚችል የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው፣ ያውም በፊርማው። ያንቺ የቅርብ ዘመድ ደግሞ ከእኔ ሌላ ማን አለ?

የዚያን ትምህርት ቤት አፈር በላስቲክ ቋጥሬ ያመጣሁልሽ ቀን ምሳ እየበላሽ ነበር። የድሮው የእርሻ ሚኒስቴር መጋዘን ፈርሶ የተሠራው ትምህርት ቤት እንደሆነ ነገርኩሽ። ልጆቹ ክንዳቸውን እስኪደማ እንደሚያኩ፣ ግቢው ሣር እንደማያበቅል ነገርኩሽ። «ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሲበሉ ዝንብ አያርፍበትም» ስልሽ ግን ማንኪያሽን አስቀመጥሽ።

«ዝንብ የሸሸው ቦታ ላይ ልጅ አስቀምጠዋል?» አልሽ፣ ሌላ ምንም አልጨመርሽም።

በሳምንቱ ከአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ተባረርኩ። የአፈሩን ምርመራ ውጤት ከራሷ ፈጥራ ጻፈች ተባልኩ። አፈር አጥንቼ በማዕረግ ተመርቄ፣ አፈር ፈጠረች ተባልኩ! አንቺ ጥያቄሽን ለአራት ሚኒስትሮች አስገባሽ፤ ለትምህርት፣ ለባህል፣ ለአካባቢ ጥበቃ እና ለእርሻ። «አንዱን ብቻ ብጠይቅ ወደ ሌላው ይገፋዋል፤ ሁሉንም በአንድ ገመድ አስሬ ነው» ብለሽ ሳቅሽ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ከመማሪያ ክፍሎቹ ሥር የተቀበረው ምንድን ነው? ማንስ ያውቅ ነበር? ተራው ሳይደርስ ልብሽ ምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የቀረበው የትምህርቱ ሚኒስትር ነው። እኔ ለሕዝብ በተፈቀደው ሰገነት ላይ፣ ካንቺ ወንበር ትይዩ ተቀመጥኩ። ጸሐፊው ጥያቄሽን እንደ ገበያ ማስታወቂያ አነበበው። ሚኒስትሩም እንደ ወትሮው ውሃ ወቀጠ። ቦታው በሚመለከተው አካል የተሰጠ ነው፣ በቅንጅት እየተሠራ ነው፣ አቅጣጫ ተቀምጧል። አመስግኖ ተቀመጠ።

ስህተቱ የተሠራው ይኼኔ ነው። አፈ ጉባኤው ዕድሜውን ሙሉ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ የሚላትን አለ፦ «የተከበሩት፣ ተጨማሪ ጥያቄ ካለዎት?» ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ግን በመስታወቱ ክፍል ያለው የድምፅ ባለሙያ ያችን ቃል ሲሰማ ጣቱ ከአእምሮው ይቀድማል፤ ማይክሮፎንሽን ከፈተው። ባዶው ወንበርሽ ፊት ቀዩ መብራት በራ። በአፈ ጉባኤው ቃል የተከፈተ ማይክሮፎን ያለ አፈ ጉባኤው ቃል አይዘጋም፣ እሱ ደግሞ አፉ ተሳስሮ ቀረ።

አንድ ሰው ከኋላ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው እየከበደ ሄደ፤ ብዙ ሰው አንድ ሰው ሲያዳምጥ እንደሚሆነው ዓይነት ጸጥታ።

ሚኒስትሩ ሳይጋበዝ ተነሣ።

«አዎ» አለ። «እሱ እውነት ነው።» ዓይኑን የተከለው ወንበሩ ላይ አልነበረም፤ ከወንበሩ ከፍ ብሎ፣ አንቺ ብትቀመጪ ፊትሽ በሚሆንበት ቦታ ነበር። «መምህራኑ መስኮት እንዳይዘጉ በቃል ታዘዋል። ለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም።» ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «አይ። የእኔ ልጆች እዚያ አይማሩም።»

ይኼን ማንም አልጠየቀውም፣ እማዬ። እኔ አልሰማሁም።

ስንወጣ አጠገብሽ የሚቀመጡትን አዛውንት፣ «እንቅልፋሙ» የምትያቸውን፣ እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሰሙ?»

«እኔማ ምንም፣ ልጄ። ብቻ ከጎኔ ይበርደኝ ነበር።» ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «እዚህ ቤት ከገባሁ ሳልተኛ የዋልኩት ዛሬ ነው» አሉኝ።

የባህሉ ሚኒስትር በሚቀጥለው ሐሙስ መጣ። ከፈረሰው መጋዘን የተረፈ ግንብ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ቅርስ ተብሎ ስለተመዘገበ በዙሪያው መቆፈር ክልክል ነው አለ። አፈ ጉባኤው በዚያ ቀን «ተጨማሪ» የምትለዋን ቃል ከአፉ አላወጣም። መብራቱ ግን በራ። ሚኒስትሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። «ግንቡ ዕድሜው ከእኔ ያንሳል» አለ በመጨረሻ። «እንዳይቆፈር ብለው ነው ያስመዘገቡኝ።» የሳቀ አልነበረም።

ሦስተኛዋ የአካባቢ ጥበቃዋ ሚኒስትር፣ የእኔው አለቃ ናት፣ እኔን ያባረረችኝ። መብራቱ እስኪበራም አልጠበቀች። ገና ስትቆም፣ «ልጅቷ አልፈጠረችም» አለች። «ውጤቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት ከኋላዋ ተደርድረው ጫማቸውን ያያሉ። ያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ስንት ጊዜ አስቤ ነበር! የተሰማኝ ግን ቁጣ ነው፣ ያውም ባንቺ ላይ። ለእነዚህ፣ ቆመሽ ስትለምኛቸው ስልካቸውን ለሚነካኩት ሰዎች ተናግረሽ፣ ለእኔ ዝም? ጆሮዬን አቁሜ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንዲት «ልጄ» እንኳ አላወጣሽልኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የእርሻው ሚኒስትር ቤታችን መጣ። የትምህርት ቤት ጓደኛሽ፣ ልጅ ሳለሁ ትከሻው ላይ የሚያወጣኝ። ሹፌሩን ውጭ ትቶ ብቻውን ገባ። ጉንጩ ጎድጉዷል። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ፈርሚልኝ፣ ልጄ። ጥያቄው ከአጀንዳ ይውጣ። ሥራሽ ይመለሳል፣ ያውም በእድገት። እሷም ትረፍ። ሙት ማሰቃየት ነውር ነው።»

«የሚሰቃየው ሙቱ ነው ወይስ እርስዎ?»

«አፍሽ የእናትሽ ነው።» ፈገግታው ዓይኑ ላይ ሳይደርስ ቀረ። «እንግዲያው ቢያንስ ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ በያት። ስብሰባ ላይ እሺ። መኪና ውስጥ፣ ልብሴን ስቀይር፣ ከሚስቴ ጋር ሳወራ…»

«እኔ ሰምቻት አላውቅም።»

አፍጥጦ አየኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲገረም እንዲያ ሆኖ አላየሁትም።

«እንዴት አትሰሚያትም? አሁንስ?»

ወደ ሶፋው ጥግ ዞረ፣ አንቺ እግርሽን አጥፈሽ ወደምትቀመጪበት። እኔም ዞርኩ። ትራሱ ብቻ ነበር። እሱ ግን ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ ንግግርሽ ረጅም ነበር መሰለኝ፣ አንቺ ስትቆጪ ነገር አታሳጥሪም።

«እሺ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን። «እሺ አልኩሽ። ሐሙስ እናገራለሁ።» ወረቀቱን ትቶት ወጣ። ቀድጄ ጣልኩት።

ሐሙስ ዕለት ወደ ምክር ቤቱ ስሄድ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ። ደወል ተደውሎ ልጆቹ እየተጋፉ ይገባሉ። አንዲቷ ቦርሳዋን በጥርሷ ይዛ በሁለት እጇ ክንዷን ታካለች።

የእርሻው ሚኒስትር ቃሉን ጠበቀ። ወጣት የመጋዘን ኃላፊ ሳለ ጊዜው ያለፈበት የተባይ መርዝ በበርሜል በበርሜል ተከምሮ ነበር። ወስዳችሁ አስወግዱ ተባሉ፤ መኪና አልተሰጣቸውም። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቀበረው። ዓመታት አልፈው ቦታው ለትምህርት ቤት ሲጠየቅ እሱ ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ነበር፤ «ነፃ ቦታ» ብሎ የፈረመው ራሱ ነው። «ዛፍ እንዲተከልበት አዝዣለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ» አለ። «ዛፎቹ አልጸደቁም።»

አዳራሹ ተነፈሰ። ሁሉም ነገር ተነግሯል። አፈ ጉባኤው ከወንበርሽ ሊገላግለው የመጣ መልአክ ያየ መስሎ፣ «ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል» አለና መዶሻውን አነሣ። ደንቡ አንድ ቃል ይቀረው ነበር፣ እሱንም አለ፦ «የተከበሩት ረክተዋል?» እዚያ ቤት ዝምታ እሺታ ነው። መዶሻው ቢያርፍ ጥያቄሽ ይዘጋል፣ ወንበርሽ ይለቀቃል፣ አንቺም ታርፊያለሽ።

አራቱን ሚኒስትሮች አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ደም እየተመለሰ ነበር። ሁሉንም ተናዘዋል፤ «ልጆቹ ዛሬ ይውጡ» ያለ ግን አንድም የለም! ሁሉም ተናዞ ተገላግሎ ወደ ምሳው ሊሄድ ነው። ያችም ልጅ ከሰዓት በኋላ ደወል ሲደወል ተመልሳ ልትገባ ነው።

ሰገነቱ ላይ ማሳል እንኳ ያስወጣል። ተነሣሁ።

«አልረካችም!»

ጥበቃው ሮጦ መጣ። «እህቴ፣ ተቀመጪ፣ ኧረ ባክሽ እንጀራዬን አትዝጊ!»

«ልጆቹ ይውጡ! ያኔ ትረካለች!»

በብብቴ ይዞ ሲጎትተኝ ወደ ታች አየሁ። መዶሻው አየር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ጸሐፊው የደንቡን መጽሐፍ እያገላበጠ አፈ ጉባኤው ጆሮ ላይ ያንሾካሹካል፦ ዘመድ ከተቃወመ አይዘጋም። የአራቱም ሚኒስትሮች ፊት እንደገና አመድ መሰለ። ቀዩ መብራት አልጠፋም።

እስካሁን አልጠፋም ይላሉ። ሽቦውን ነቅለውት ነበር አሉ። የጽዳት ሠራተኞቹ ወንበርሽን ዘለው ያጸዳሉ፤ ሚኒስትሮቹ ሲገቡ ሳይታወቃቸው ወደዚያ ጎንበስ ይላሉ። የሁለት ክፍል ልጆች ከዚያ ግቢ ወጥተዋል። የቀሩት በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይባላል።

ዘመድ ጎረቤቱ ጨካኝ ብሎኛል። «እናቷን ዕረፍት ነሣች» ይላሉ። ልክ ናቸው። እግርሽ ብዙ ሲቀመጥ እንደሚያብጥ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌልሻለሁ። ድምፅሽ ደግሞ ይናፍቀኛል፣ እንዴት እንደሚናፍቀኝ! ለእነሱ ከምታወጪው ላይ አንዲት ቃል ብታተርፊልኝ ምን ነበር? ግድ የለም። እኔን የምትጠይቂኝ ነገር ስለሌለሽ ይሆናል።

ይቅር በይኝ አልልሽም። የመጨረሻው ልጅ ከዚያ ግቢ የወጣ ዕለት እኔው ሰገነቱ ላይ ቆሜ «ረክታለች» እላለሁ፣ ያን ቀን ሂጂ። እኔም አሜን እላለሁ።

እስከዚያ ግን፣ እማዬ፣ ከወንበርሽ እንዳትነሺ።

ፊርማዋን የነፈገቻቸው
ልጅሽ