ስለ ሲስተር የሺሀረግ ፈቃደ ዕረፍትና ሳይታይ «ታይቷል» ስለተባለው ነርቭ

ከልደታ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶች መረዳጃ ማኅበር
አዲስ አበባ፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማኅበሩ አባላት፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለልደታ ነዋሪዎች በሙሉ

የማኅበራችን መሥራች አባል ሲስተር የሺሀረግ ፈቃደ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ትናንት ተፈጽሟል። ማኅበሩ ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶታል። ከሀዘኑ እኩል ደግሞ ተጸይፈናል። እንዲህ ያለ ቃል በሀዘን መግለጫ ውስጥ እንደማይጻፍ እናውቃለን፤ የሆነውን ሳንጽፍ ማዘናችንን ብቻ ብንጽፍ ግን ውሸት ይሆንብናል።

ሲስተር የሺሀረግ በ1962 ዓ.ም. አብነት አካባቢ ተወለዱ። በ1983 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው ለአሥራ አምስት ዓመታት በክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ካገለገሉ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ወደ ልደታ ተመልሰው እኛ አሁን በምንሠራበት የግል ሆስፒታል ተቀጠሩ። የሆስፒታሉን ስም የማንጽፈው ለክብሩ ተጨንቀን አይደለም። ዛሬ እዚያ ተኝተው ያሉትን ሕሙማን ላለማስደንገጥ ነው። ሥራቸው በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ለሐኪሙ መሣሪያ ማቀበል ሲሆን፣ በተለይ በእንቅርት ቀዶ ሕክምና የእርሳቸውን ያህል ልምድ ያለው ነርስ በመካከላችን አልነበረም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እናስረዳ። የእንቅርት ዕጢ አንገት ላይ፣ ከአየር ቧንቧው ፊት ለፊት ይገኛል። ከጀርባው በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ ነርቭ ያልፋል። እነዚህ ነርቮች በቀጥታ ወደ ማንቁርት አይሄዱም፤ መጀመሪያ ወደ ታች ወርደው ትልልቅ የደም ሥሮችን ይዞሩና በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መካከል ተመልሰው ይወጣሉ። ውፍረታቸው ከልብስ መስፊያ ክር ብዙም አይበልጥም። ለዕጢው ደም የሚያመጣው ሥር እነሱ ባሉበት ያልፋልና የቸኮለ እጅ የደም ሥር አሰርኩ ብሎ ነርቭ ያስራል። አንዱ ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል ወይም ይጠፋል። ሁለቱም ከተጎዱ ሰው መተንፈስ ያቅተውና አንገቱ ተበስቶ ቱቦ ይገባለታል። ስለዚህ ሲስተር የሺሀረግ የሚያውቁት ሕግ አንድ ነበር፤ ነርቩ በዓይን ሳይታይ ምንም አይታሰርም፣ ምንም አይቆረጥም።

በ2004 ዓ.ም. «ስምና ሰፈር» የተባለውን አሠራር ጀመሩ። እንቅርት የሚወጣለት ሰው በዋዜማው ሙሉ ስሙንና ሰፈሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እርሳቸው ድምፁ እንዴት እንደነበር በደብተር ይጽፋሉ። ከማደንዘዣ ሲነቃም እንደገና ይናገራል። ሰው ቁጥር ቁጠር ሲሉት ያንሾካሹካል፣ ስሙንና ሰፈሩን ግን ማንም አያንሾካሹክም ይሉ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ድምፁ የሻከረ ከተገኘ የድምፅ አውታሩ በመስታወት ሳይታይ ወደ ጠረጴዛው እንዳይወጣ ያደርጋሉ። በዚህ መንገድ በአሥር ዓመት ውስጥ የአራት መቶ ሠላሳ ሰባት ሰዎችን ድምፅ መዝግበዋል።

በ2009 ዓ.ም. ለአዳዲስ ነርሶች በራሳቸው ተነሳሽነት ትምህርት መስጠት ጀመሩ። የዕጢውን የደም ሥር የሚያስረውን ክር ነርቩን ሳያዩ ለሐኪሙ እንዳያቀብሉ ያስተምሩ ነበር። እርሳቸውም ክሩን በእጃቸው ይዘው «ዶክተር፣ ያሳዩኝ» ይላሉ። በዕጢው የላይኛው ጫፍ በኩል ስለሚያልፈውና ድምፅን ወደ ላይ ለማውጣት ስለሚረዳው ሌላ ቀጭን ነርቭም ይጠይቃሉ። ያመሰገኗቸው ሐኪሞች አሉ፤ ዛሬም ስማቸውን በፍቅር የሚያነሱ። የተቆጡም ነበሩ። ከተቆጡት አንዱ በስብሰባ ላይ የተናገረው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፦ «እሷ መሣሪያዋን ታቀብል፤ ነርቩን ለኔ ትተወው።»

በ2014 ዓ.ም. የጥራት ተቆጣጣሪዎች መጥተው፣ በኦፕራሲዮን ማስታወሻዎቹ ላይ ነርቩ መታየቱ አልተጻፈም ሲሉ አሳሰቡ። ሐኪሞቹ እንዲያዩና እንዲጽፉ ማድረግ ይቻል ነበር። አስተዳደሩ ግን ሜክሲኮ አካባቢ ማኅተም አስቀረጸ። በማኅተሙ ላይ «ነርቩ ታይቶ ተጠብቋል» የሚል ተጽፏል። ሥራ እንዳይጓተት ተብሎም ማኅተሙ ጠዋት ጠዋት፣ ገና ማንም ሳይደነዝዝ፣ በዕለቱ ተረኛ ሕሙማን ወረቀት ሁሉ ላይ ይመታ ጀመር። የሚመታውም ከእኛው አንዱ ነበር። አንገቱ ያልተከፈተ ሰው ነርቩ ታይቷል ተብሎ ተፈረመለት።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ወ/ሮ ቀመሪያ ሁመድ ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ገቡ። ወ/ሮ ቀመሪያ አብነት ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ሲሆኑ ስማቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ወረቀታቸው ላይ ማኅተሙ ያረፈው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። አንገታቸው የተከፈተው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሐኪሙ ሌሎች ሦስት ሰዎች እየጠበቁት ስለነበር ሲስተር የሺሀረግ ክሩን አላቀብልም ሲሉ ራሱ ከጠረጴዛው አንስቶ አሰረ። ወ/ሮ ቀመሪያ ሲነቁ ከአፋቸው የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ብርድ ነው፣ በሁለት ሳምንት ይለቅዎታል ተባሉ። አራት ዓመት አልፏል። የግራው የድምፅ አውታራቸው አይንቀሳቀስም፤ ሃምሳ ሁለት ሕፃናትን ያስተምሩ የነበሩ ሴት ዛሬ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ይሠራሉ።

ሲስተር የሺሀረግ ሁለቱን ሰዓቶች ጠቅሰው ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት፣ ማኅተሙ በተቀረጸ ሰሞን የተቃወሙትም እርሳቸው ነበሩ። የአስተዳደሩ መልስ ማኅተሙ ሕጋዊ ነው የሚል አንድ መስመር ሆነ። በየካቲት ወር ሲስተር የሺሀረግ ከኦፕራሲዮን ክፍል ተነሥተው ወደ ልብስ ማጠቢያ ተመደቡ። የሠላሳ ዓመት ባለሙያ አንሶላ ቆጣሪ ተደረጉ። ደብተራቸውም ተዘጋ።

ለዝውውሩ ምክንያት ሆኖ የቀረበው፣ ባለሙያዋ በሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል አለመግባባት ይፈጥራሉ የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ይህ ማኅበር ነው። የፈረምነው አሥራ አንድ ነን። ማንም አላስገደደንም፤ ፈርተን ነው የፈረምነው፣ አንዳንዶቻችንም የእርሳቸውን ቦታ ፈልገን።

አሁን ደግሞ ከሐሙስ ወዲህ የሆነውን እንግለጽ። ሆስፒታሉ በማኅበራዊ ገጹ ላይ የሲስተር የሺሀረግን ፎቶግራፍ አውጥቶ የድምፅ ጥበቃ ፈር ቀዳጅ ብሏቸዋል። የአበባ ጉንጉን ልኳል። ለማኅበራችንም ተዘጋጅቶ ያለቀ የሀዘን መግለጫ ልኮ እንድናወጣው ጠይቋል። በውስጡ ሆስፒታሉ ከእርሳቸው ጋር ተባብሮ የዘረጋው አኩሪ አሠራር የሚል ሐረግ ሁለት ጊዜ ሰፍሯል። በሕይወት ሳሉ አንሶላ ያስቆጠሯቸውን ሰው ሞተው ሲያበቁ ለማስታወቂያ ማዋል ነውር ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና መግለጫውን እንደመጣ መልሰናል።

ትናንት ወ/ሮ ቀመሪያ ለቅሶ ድንኳኑ ድረስ መጥተው ነበር። የሚሉትን ለመስማት መጠጋት ነበረብን። «ሲስተር ባይጽፉት ኖሮ ጥፋቱ የገዛ ጉሮሮዬ ነው እያልኩ እኖር ነበር» አሉን።

ይህን መግለጫ ከማውጣታችን በፊት ረቂቁን ለባለቤታቸው ለአቶ ዮፍታሔ አነበብንላቸው። አቶ ዮፍታሔ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ስለ እሷ የጻፋችሁት እውነት ነው። ስለ ራሳችሁ የጻፋችሁት ግን አንሷል፤ ጨምሩበት» አሉ። እንጨምራለን። ሲስተር የሺሀረግ ወደ ልብስ ማጠቢያ በተዛወሩበት ቀን ሊሰናበቱን መጥተው ነበር። እጃችንን የምንታጠብ መስለን ጀርባችንን ሰጠናቸው። ውኃው ሲፈስ ጥቂት ቆመው ተመልሰው ሄዱ። ይህን ያህል ጊዜ እጁን የታጠበ ሰው አይተን አናውቅም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለን ሰው ቢኖር እውነቱን ነው። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ትናንት ከቀብር መልስ ተሰብስቦ የ2014ቱን ደብዳቤ በይፋ ሽሯል። ለወ/ሮ ቀመሪያ ምስክርነት የሚያስፈልግ ከሆነ በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበርን አራት ሰዎች ያየነውን በፊርማችን እንሰጣለን። ከእንግዲህም ማንም አባል ማኅተም ቀድሞ በተመታበት ወረቀት ላይ አይፈርምም፤ ነርቩን በዓይኑ ሳያይም ክር አያቀብልም። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ወደ ልብስ ማጠቢያ ከተላከ ሁላችንም ተከትለን እንሄዳለን፤ አንሶላ የሚቆጥር ይበዛል፣ ኦፕራሲዮን የሚሠራ ይጠፋል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ዮፍታሔ፣ ለልጃቸው ለትሕትናና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን። ይቅርታም እንጠይቃለን፤ ይቅርታውን መቀበልም አለመቀበልም የእነሱ ነው።

ለሥራ ባልደረቦች መጽናናትን መመኘትም የዚህ ዓይነት መግለጫ ወግ ነው። ባልደረቦቻቸው ግን እኛ ነን፤ ለራሳችን አንመኝም። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ተረኛ የእንቅርት ታካሚ ናት። ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው። ክሩን የምታቀብለው ታናሻችን ነርስ ሙፊዳ ናት፤ እንደምትፈራ ነግራናለች። አሥራ አንዳችንም በሩ ላይ እንቆማለን።