ቦቃዋ በቅሎ

ይድረስ ለልጄ ለያየህ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ላሟም ወልዳለች።

ማክሰኞ የወባ መኪና ወረታ መጥቶ የሳልኸውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በነጭ አቡጀዴ ላይ አሳየን። ባልየው ንዳድ የያዛትን ሚስቱን በቦቃ በቅሎ ጭኖ፣ ሐኪም ቤቱን አልፎ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ያወርዳታል፤ ብቻውን ይመለሳል። ጎረቤታችን አለኸኝ «አንለይ፣ በቅሎህ መቼ ነው ሲኒማ የገባችው?» ቢለኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ቦቃ በቅሎ በአገሩ ሞልቶ የለም?» አልሁት። የእኛዋን ግን ከዋንዛዬ ወዲህ ጭኛት አላውቅም።

የእናትህ ሙት ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። አምና ሥራ በዝቶብህ ቀረህ።

ደግመህ ስትስል ሰውየውን ሐኪም ቤቱ በር ላይ አቁምልኝ።

ፊደሌ ቢጣመም ሰላምታዬ ቀጥ ያለ ነው።

አባትህ አንለይ