ሚካኤልን ወደ አሥራ አራት ላዛወሩት ክቡር ስልክ

ለእህቴ ልጅ ለየኔነሽ የእጅ ስልክ፣
ንፋስ መውጫ

ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ ከሥራዬ ስለ መነሣቴ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ባትሪዎ ሙሉ፣ መስታወትዎ ደኅና፣ ኔትወርክዎም ጭጋግ ከጉና በወረደ ቀን እንኳ የማይቆራረጥ ይሁንልዎ። እኔም የሚጠይቀኝ ባይኖርም ደኅና ነኝ።

ስሜ በላይነህ ነው፤ በዚያ ቤት «አያ» እባላለሁ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት የቤቱ ቀን መቁጠሪያና ደወል እኔ ነበርሁ። የትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም ፊደልን በራሴ ለቅሜ፣ ባሕረ ሐሳብንም የጋይንቷ ቤተ ልሔም ደብር መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሲናገሩ ከአጥር ውጭ ቆሜ በጆሮዬ የቃረምሁ ሰው ነኝ፤ ግማሹን ነፋስ ወስዶብኛል፤ የቀረኝ ግን ለየኔነሽ ቤት ይበቃ ነበር። ልጇ መቅደስ መጥታ «አያ፣ ነገ ጾም ነው ወይ ትላለች እማዬ» ስትለኝ፣ መልሱን ባውቀውም ጢሜን እያሻሸሁ ጣቶቼን ደጋግሜ እቆጥር ነበር። እነዚያ ጣቶች ዛሬ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ዕረፍት ላይ ናቸው። ለዚህም ከልብ እያመሰገንሁ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ አያያዝዎ። እርስዎ በየኔነሽ መቀነት ተሸጉጠው ይውላሉ፣ በራስጌዋ ያድራሉ፣ መብራት ሲመጣ ከሰው ሁሉ ቀድመው ይመገባሉ፤ ብርድ እንዳይመታዎም የጎማ ካፖርት ተገዝቶልዎታል። እኔ ከሩቅ ሆኜ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ትንሽ ሆዴን ይቆርጠኛል እንጂ። አንድ ቀን ከእጇ ሲያመልጧት «ወይኔ ልጄን!» ብላ ስትጮህ ሰምቻለሁ። እኔ ባለፈው ክረምት ደጃፏ ላይ አዳልጦኝ በወደቅሁ ጊዜ ያለችኝ «አያ፣ ጭቃውን እንዳያስገቡብኝ» ነበር።

፪ኛ፤ ስለ ገበያ። የቤቱን ጎዶሎ በቃሌ ይዤ ገበያ የምወርደው እኔ ነበርሁ፤ አንዱን ዕቃ ብረሳ እንኳ ያልታዘዝሁትን ጨምሬ ስለምመለስ ተከስሼ አላውቅም። አሁን የኔነሽ ከጓዳ ሆና በቴሌግራም ትጽፋለች፤ ባሏ ደስታም በአህያና በሰው መካከል ቆሞ እንደ ዳዊት ደጋሚ አንገቱን ደፍቶ ያነባል። በቅርቡ «ምስር» ብላ ብትጽፍ ክቡርነትዎ አላዋቂ መስላዎት «ምስማር» ብለው አረሙላት። ሰውየው በጾም ቀን ምስማር ተሸክሞ ገባ። ስትጮህበትም «የጻፍሽውን ነው ያመጣሁ! ደግሞ ደኅናውን መርጬ!» ብሎ አሳያት። እርስዎን ግን ማንም አልተቆጣዎትም። እኔ በአንድ ወቅት በጨው ፋንታ አብሽ ይዤ ብመጣ እስከ ዛሬ ድረስ በሠርግ በተዝካሩ ይነገርብኛል።

፫ኛ፤ ወደ ዋናው ልምጣ። የሚካኤል ማኅበራችን በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን በየተራ ከአባላቱ ቤት ይጠጣል። የኔነሽ ተራዋ የካቲት ነበርና በኅዳር ሚካኤል ዕለት ክቡርነትዎን «በየወሩ በዚህ ቀን ጩህ፤ ጠላ ለመጥመቅ እንዲያደርሰኝም ቀደም ብለህ አስታውሰኝ» ብላ አዘዘችዎት። («አንተ» ስላለችዎት በስሟ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቤተኛነት ነው።) እርስዎም አደራውን ተቀብለው በፈረንጅ አቆጣጠር አሰሩት። የፈረንጅ ወር አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነውና በታኅሣሥ በቀኑ ጮኹ፤ በጥር አንድ ቀን አዘገዩ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ታቦት ሸኝቶ ስለ ነበር ስሕተትዎን ያየ የለም። በየካቲት ግን ሚካኤልን በአሥራ አራት፣ በአቡነ አረጋዊ ቀን አዋሉት። የኔነሽ እርስዎን አምና ቀን መቁጠር ትታ ነበር። እኔም ካልተጠየቅሁ ምን አገባኝ ብዬ አኩርፌ፣ አጥር ለአጥር ተቀምጬ ዝም አልሁ።

በአሥራ ሁለት ማኅበርተኛው ነጠላውን አጣፍቶ ከደጅ ደረሰ። ቤቱ አልተጎዘጎዘም፤ ጠላው ጥንስስ ነው። የኔነሽ እጇን በሊጥ እንደ ነከረች ብቅ ብላ «ገና ከነገ ወዲያ ነው እኮ! ስልኩ አልጮኸም!» አለች። ቄስ ሙሉዓለምም «ልጄ፣ ሚካኤልስ ደውሎልሽ ነበር፤ መስመሩ ተይዞበት ነው እንጂ» አሏት፤ ደጁ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። ሳቄን የያዝሁት የኔነሽ ወደ ጓዳ ገብታ ፊቷን በሊጥ እጇ ስትሸፍን ባየሁ ጊዜ ነው። ከጎረቤታችን ከኢልሀም ሱቅ ማር አምጥቼ ብርዝ በጠበጥሁ፤ ጽዋው በብርዝ ተጠጣ፤ ቀኑም አለፈ።

በሳምንቱ የኔነሽ እርስዎን ይዛ ቤቴ መጣች። «አያ፣ እርስዎ ባይኖሩ ጉድ ሆኜ ነበር» አለችኝ። ወደ ሥራዬ ተመለስሁ ብዬ ጢሜን ማሻሸት ጀመርሁ። እርሷ ግን ክቡርነትዎን ወደ አፌ አስጠግታ «በሉ በድምፅዎ ይናገሩልኝ፤ አቆጣጠሩን ወደ አበሻ አዙሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ በየወሩ እርስዎ ይቀሰቅሱኛል» አለች። ተናገርሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ያውቁታል። ድምፄ በየኔነሽ ራስጌ ያድራል፤ ድምፄ የጎማ ካፖርት ለብሷል፤ ድምፄ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይመገባል። መቅደስም ወደ እኔ መምጣቷን ፈጽማ ትታለች፤ ለምን ትመጣለች፣ እኔ እኮ ቤታቸው ነኝ! ክቡርነትዎ፣ በሰው መቅናት ያለ ነው፤ በዕቃ መቅናትም እኔ ጀመርሁት፤ በገዛ ድምፁ እንዲቀና የተደረገ ሽማግሌ ግን በጋይንት ምድር ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ምስጋናዬ ቻርጅ አድርገው የማይጨርሱት መሆኑን እየገለጽሁ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞው የቤቱ ቀን መቁጠሪያ፣
በሕይወት ያለው
በላይነህ

ግልባጭ፦
ለቄስ ሙሉዓለም፣ ለማኅበርተኛውም ሁሉ፤
ለአላፊ አግዳሚው፤ ደብዳቤውን በየኔነሽ አጥር በር ላይ ቸንክሬዋለሁ። ስለ ምስማሩ ደስታን አመሰግናለሁ።

ማስታወሻ፦ ድምፄ «የኔነሽ፣ ሚካኤል ደርሷል፤ ጠላ ጥመቂ» ካለ በኋላ ትንሽ ዝም ይላል፤ የኔነሽም ያለቀ መስሏት ሁልጊዜ እዚያ ላይ ታጠፋዎታለች። አላለቀም። ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነበር። ከዝምታው ቀጥሎ «አጎትሽን ጠርተሽዋል ወይ?» እላለሁ። ሁሉን ከሚያስታውሱት ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው ያሰሙልኝ።