አላጥብም ያልኩት ጭቃ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? የእማማ ሳል ተሻላት? አባዬስ ወገቡን ታሸ ወይስ እንደ ልማዱ ነገ ነገ ይላል? ደብዳቤውን የምታነብልሽን ሚጢንም ሰላም በያት። አንቺ ሚጢ፣ ባለፈው የማይጥምሽን መስመር ዘለሽ እንዳነበብሽ ሰምቻለሁ፤ ከዛሬው አንድም ቃል እንዳታስቀሪ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ልብሴም ጫማዬም አልተቀደደም። ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ ድምፅሽን ከሰማሁ የጀመርኩትን እንደማልጨርስ ስለማውቅ ተውኩት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። አክስቴና ባሏ ብስክሌት ያከራያሉ፣ እኔ ከተራራው ጥብቅ ደን የተመለሱትን አጥባለሁ። ጓሮው ውስጥ አንድ ቧንቧና ሁለት ብሩሽ አለኝ፣ አንዱ ለካቴናው፣ አንዱ ለሌላው። ደኑ ውስጥ ለብስክሌት የተፈቀዱ ሦስት የኮረኮንች መንገዶች አሉ። አጭሩ ጥዱን ዞሮ ይመለሳል፤ ከዚያ የመጣ ብስክሌት ካቴናው መርፌ የመሰለ ቅጠል ጎርሶ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው በሸንተረሩ ይወጣል፤ አፈሩ ቀይ ነው፣ ከጥፍር አይለቅም። ረጅሙ ወንዝ ተሻግሮ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረው ቦታ ያልፋል፤ ጎማው ላይ የሚሰካውን ነጭ ጠጠር በሚስማር እየነቀልኩ እጥላለሁ። ሰዎቹን መንገዱ እንዴት ነበር ብዬ ለመጠየቅ አፌ ስለሚተሳሰር ጎማውን እጠይቃለሁ። እኔ ራሴ ግን በብስክሌት ከቧንቧው እስከ በሩ እንጂ አልፌ አላውቅም ነበር።

ደኑ ውስጥ አንድ ሸለቆ አለ። ሚዳቋዎቹ የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ ለሦስት ወር ተዘግቷል። ረጅሙ መንገድ አሁን በገደሉ አፋፍ ስለሚዞር ዳገቱ ነፍስ ያወጣል። የሸለቆውን ጭቃ ከመዘጋቱ በፊት ብዙ ጊዜ አጥቤዋለሁ። አመድማ ነው፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይነጣል፤ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ አፈር የለም። ባለፈው ወር ይኸው ጭቃ እንደገና መጣ። የአክስቴ ባል ራሱ መርቶ የወሰዳቸው ደንበኞች ብስክሌት ላይ ነበር። ዛፍ ወድቆ በሰበረው በኩል አጥሩን ሾልከው እንደገቡ እየተሳሳቁ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ዳገቱ ቀርቶላቸው ደስ ብሏቸዋል። እሱም "እነዚህን አስቀድሚያቸው" አለኝ። አጠብኩ። በሳምንቱም አጠብኩ።

እዚህ ጋሽ ኬላ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ የደኑ በር ጠባቂ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በአሮጌ ብስክሌታቸው ወርደው ጎማ ያስነፋሉ። "ዛሬ ስንት ቃል ተናገርሽ?" ይሉኛል። ሁለት ጣት ሳሳያቸው "ኧረ ቀስ በይ፣ ጉሮሮሽ እንዳይደርቅ!" ብለው ይስቃሉ። ሰኞ ዕለት ግን አልሳቁም። የደኑ ጽሕፈት ቤት ሸለቆው ውስጥ የጎማ ዱካ አግኝቷል። የሸለቆው በር ቁልፍ በእሳቸው እጅ ስለሆነ ጉቦ ተቀብለው ከፍተዋል ተብለው ተጠረጠሩ፣ ዓርብ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሊያሰናብታቸው ነው። ለአክስቴ ባል "አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩትን በር ሸጥከው አሉኝ፤ ደንበኞችህ ያዩት ነገር የለም?" አሉት። እሱም "እኔ ብስክሌቱን ነው የማከራየው ጋሼ፣ እግራቸውን አልከተልም" አላቸው።

ያን ጊዜ እኔ ቁጭ ብዬ ያንኑ ጭቃ እያጠብኩ ነበር። አመድማው ውሃ ወደ ጋሽ ኬላ ጫማ ሲወርድ አየሁት። እንዳያውቁት ቧንቧውን ከፈትኩና ከጎኑ ያለውን ባለ ቀይ አፈር ብስክሌት ለቀለቅኩት፣ ውሃው ተቀላቀለ፣ ቀይ ሆነ። እማዬ፣ ይህን ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።

ስትሸኚኝ "የሰው ቤት ነው፣ ያየሽውን ሆድ ይፍጀው በይ፤ ዝም አይነቅዝም" ብለሽኝ ነበር። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ እማዬ፣ ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም። ማክሰኞ አንዱን ብስክሌት ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ረቡዕ ለካቴናው የሚሆነውን ብሩሽ ኮርቻ ላይ ፈተግኩበት። መቀመጫ አጣሁ፣ ቆሜም አልሆነልኝ። አክስቴ "ምን ነክቶሻል፣ እግርሽ ሥር እሳት አለ እንዴ?" አለችኝ።

ይቅርታ፣ ተነስቼ በሩን አይቼ መጣሁ። ማንም የለም።

ዛሬ ሐሙስ ቀትር ላይ ስድስት ብስክሌት ያንኑ ጭቃ ተለቅልቆ መጣ። የአክስቴ ባል "ቶሎ በይ፣ ሰው ሳይመጣ" አለኝ። "አላጥብም" አልኩት። የሰማኝ አልመሰለውም። "ምን አልሽ?" ሲለኝ "ይህን ጭቃ አላጥብም ጋሼ" አልኩ። መጀመሪያ ሳቀ፣ "ይቺ ልጅ አፍ አወጣች" አለ። ቀጥሎ "ማን ቤት እንዳለሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አክስቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ብስክሌቶቹን አየች፣ እሱን አየች። "ሸለቆው ገብተሃል?" አለችው።

እኔ አንዱን ብስክሌት ከነጭቃው ይዤ ወጣሁ። ኮርቻው ስለረዘመብኝ ቆሜ ነው የነዳሁት። ጋሽ ኬላ የሚጠብቁት ኬላ አምስት ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ሁሉም ኮረኮንች፣ አብዛኛው ዳገት። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይፈናጠራል፣ መሪው ክንዴን እስከ ትከሻዬ ያርገፈግፈዋል። ጥዱ ውስጥ ስገባ ያ ሁሉ ጩኸት ቆመ፤ ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖታል። ከመታጠፊያው በኋላ ቀዩ አፈር መጣ። ስንት ወር ሙሉ ከጥፍሬ ሥር የማወጣው አፈር ለካ እንዲህ ሰፊ ነው! "አንተ ነህ እንዴ?" አልኩት ጮክ ብዬ። ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ፣ አንዴ ወደቅሁ፣ ክርኔ ትንሽ ተላጠ፣ አትደንግጪ። ፈርቼ ነበር፤ ደግሞ እንዲህ ደስ ብሎኝም አያውቅም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ አልገባኝም።

ጋሽ ኬላ ፊት ስደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ብስክሌቱን ብቻ አዞርኩላቸው። ጭቃውን በጥፍራቸው ፋቁት። "ማን ነው?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ሰኞ ውሃውን እንዳቀላቀልኩትም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ ግን አላጽናኑኝም። "እኔ ብናገር ራሱን ሊያድን ነው ይሉኛል። አንቺ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት ትናገሪያለሽ? የምትኖሪበትን ቤት አስበሽ መልሺልኝ" አሉ። ሰባት ሰዎች ናቸው እማዬ። አስቤ፣ እናገራለሁ አልኩ።

የአክስቴ ባል ክፉ ሰው አይደለም። የመጣሁ ቀን መናኸሪያ ሦስት ሰዓት ዝናብ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ እሱ ነው። ስመለስ በሩ ላይ አገኘሁት። "ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ" አለኝ። "አውቃለሁ ጋሼ" አልኩት። "ራስህ ብትነግራቸው ይሻላል" ልለው ፈልጌ ነበር፣ እሱን ግን አልቻልኩም። ውጪም አላለኝ፣ ግቢም አላለኝ። አክስቴ ደግሞ ሰማያዊ ቀሚሴን ተኩሳ አልጋዬ ላይ አስቀምጣልኛለች። አሁን ከጎኑ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ተናግሬ ጨርሻለሁ። እህትሽ ደውላ ብትከፋብሽ የምትመልሽላት እንዳታጪ ብዬ ነው ሁሉንም የጻፍኩት። ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ብታዪኝም ሰርቄ እንዳልመጣሁ እወቂ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እማማን ሳሏ እስኪለቃት ብርድ ላይ አትቀመጥ በያት። ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬን አድርሺ፣ የሰፋችልኝ ሸሚዝ ልክ ነው። ሚጢ፣ አንቺንም አንድ ጉንጭሽን እስማለሁ፤ እስከዚህ ሳትዘልዪ አንብበሽ ከሆነ ሁለቱንም። እማዬ፣ አንቺን እግርሽን እስማለሁ። ምርቃትሽ በፖስታ እስኪመጣ ነገ አይጠብቀኝም፤ እንደመረቅሽኝ ቆጥሬ እገባለሁ።

ልጅሽ

ከአክስቴ ቤት፣ ሐሙስ ግንቦት 21 ቀን