የቦራ ገመድ

ሐሙስ፣ መስከረም 15

«ይህንን በሬ ያቆመልንን ልጃችንን ብርሃኑን፣ እግዜር በአባቱ ወንበር ያስቀምጥልን!» አለ አጎቴ ክፍሌ፣ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ። ግቢው ሙሉ ሰው «አሜን!» አለ። እኔ የበሬውን ገመድ ይዤ ቆሜ ነበር።

እኔም «አሜን» አልኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ምርቃት ሲወርድ አሜን ይባላል፣ አፌ ልማዱን አደረሰ። ምን እንደተመረቀ የገባኝ ካልኩ በኋላ ነው።

በሬው የወንድሜ የብርሃኑ አይደለም። ቦራ የእኔ ነው። አባዬ ታሞ ሳለ የተወለደ ጥጃ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ያለው አባዬ ነው። አባዬ ሲሞት እኔ አሳደግኩት። ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የእንሰት ቅጠል እቆርጣለሁ፣ ፉርሽካ እበጠብጣለሁ፣ ጉረኖውን እጠርጋለሁ። ከዚያ ጫማዬን ጠርጌ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሁሌ በደንብ አልጠርገውም። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ቦራ ደህና አደረ?» ይሉኛል። የአሥረኛ ክፍል ልጆች የሚያውቁትን አጎቴ አያውቅም።

አያውቅም ማለቴ ውሸት ነው። ያውቃል።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው፦ አንድ ትልቅ ስፒከር። አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ (የወልቂጤ ውሃ ሆዱን ይነፋዋል)። ነጭ ጫማ። ሚስቱን ሊሊን፣ እሷም ስልኳን። በቃ።

በሬው ሊታረድ ሲል «አምጪ፣ እኔ ልፍታው» ብሎ ገመዱን ተቀበለኝ። ከችካሉ ላይ ሊፈታው ታገለ። ቋጠሮውን አባዬ ነው ያስተማረኝ፤ በሬው ሲስበው ይጠብቃል፣ ቦታውን ለሚያውቅ ግን በአንድ ጣት ይፈታል። ብርሃኑ ጎተተ፣ አላበው፣ ሊሊ እየቀረጸችው ነው። መጨረሻ ላይ ቢላ ተቀብሎ ቆረጠው። የቃጫ ገመዴን! ሰው አጨበጨበለት።

ለቦራ አላለቀስኩም። ለመስቀል ነው ያሳደግኩት። ቁራጩን ገመድ አንስቼ ጓዳ ሰቀልኩት።

አርብ፣ መስከረም 16

ዛሬ ነገሩ ምርቃት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

በእኛ ሰፈር አባወራ ሲሞት አንድ መስቀል ያለ እርድ ይታለፋል። በሚቀጥለው የመጀመሪያውን በሬ ያቆመ ልጅ የአባቱን ወንበር ይይዛል። እስከ ትናንት ድረስ ይህ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር፤ ወንበሩም ያው አንድ እግሩ የተጠገነ ወንበር ነው። ጠዋት ግን አጎቴ ጓዳ ድረስ መጥቶ ለእማዬ፦

«እንግዲህ ብርሃኑ ወንበሩን ይዟል። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አንቺም ወረቀቷን ትፈርሚያለሽ። ለወጉ ያህል ነው።»

እማዬ ሥጋ እየከተፈች ነበር። «የምን ወረቀት ነው?»

«የቤቷ ናታ! ስጦታ።»

ቤቷ። እማዬ ሠላሳ ዓመት የኖረችባት፣ አያቴ የምትተኛባት፣ እኔ ቡታጅራ የተሰጠኝን የተሻለ የሥራ ቦታ ትቼ አባዬን ያስታመምኩባት። ከኋላዋ ያለው እንሰትም ጭምር። «ለወጉ ያህል!»

ብርሃኑን ፈልጌ አገኘሁት። ስፒከሩን ቻርጅ እያደረገ ነበር።

«ብሬ፣ በቤቱ ምን ልታደርግ ነው?»

«ፔንሲዮን። ቦታው እኮ መንገድ ዳር ነው፣ ሰኒ። እንሰቱን ብናነሳው...»

«አዶትስ?» አያቴን ሁላችንም አዶት ነው የምንላት፣ እናት ማለት ነው።

«አንድ ክፍል እንሰጣታለና! ሻወር ያለው።»

አዶት ዘጠና ዓመቷ ነው። ያን እንሰት ከነስሙ ታውቀዋለች፤ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለተሰበረ አጥንት። ሻወር ይሰጣታል።

«በሬው የእኔ እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?» አልኩት።

ሳቀ። «ሰኒዬ፣ የቤተሰብ በሬ ነው። አሁን ይህ የእኔ የአንቺ የሚባል ነገር ነው?»

ቤቱ ሲሆን የእሱ፣ በሬው ሲሆን የቤተሰብ። ይህን ያህል ሒሳብ የማይችል ተማሪ ቢኖረኝ ወላጅ አስጠራ ነበር።

ማታ ደመራውን በአባዬ ፈንታ እሱ ለኮሰ። ችቦውን አዘቅዝቆ ይዞ ቅንድቡን ለበለበው። ትንሽ ደስታ፣ ግን ደስታ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

መስቀል። ቤቱ ጢም ብሏል። አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ የአክስት ልጆች ልጆች፣ ከጉንችሬ፣ ከእንድብር፣ ከአዲስ አበባ። አንድ ቀን ሙሉ «አደግሽ! መቼ ነው የምታገቢው?» ይሉኛል። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ማደግ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

እንግዳው በላ። እኛ አቀረብን። እንግዳው ጠጣ። እኛ አጠብን። የአዲስ አበባዎቹ ወንዶች አንድ ጣባ ከቦታው ያላነሱ፣ ስለ ባህላችን መጥፋት ሲነጋገሩ ዋሉ። «የድሮ መስቀል ቀረ» አለ አንዱ፣ አራተኛውን ክትፎ እየጠቀለለ።

ከዚያ አጎቴ ጣቱን ልሶ «አይ ቅቤ! ብርሃኑ፣ ቤትህ ይባረክ!» አለ። ቅቤውን እማዬና ጎረቤቶቿ ዓመት ሙሉ በየተራ እያዋጡ ነው ያጠራቀሙት። አሁን እሱም የብርሃኑ ሆነ። ነገ ዝናቡንም እሱ ነው ያመጣው ይላሉ።

እዚህ ደብተር ላይ አጎቴን አንቱ እንደማልለው ልብ አልኩ። ፊት ለፊት እለዋለሁ። እዚህ አይገባውም።

ሲመሽ እማዬን ለብቻዋ ያዝኳት።

«አትፈርሚም አይደል?»

«ሰው ምን ይላል፣ ልጄ? እናቱ ናት የከለከለችው ቢሉ?»

«ሰው መንገድ ላይ ስትወድቂ ያነሳሻል?»

«አንቺ ነገ ታገቢያለሽ፣ ትሄጃለሽ። እሱ ወንድ ነው፣ እኔን የሚቀብረኝ እሱ ነው።»

«የሚቀብርሽን ሳይሆን የሚያኖርሽን ምረጪ» አልኳት። ጮኼ ነው ያልኩት። ፊቷ ተለወጠ። እማዬ ላይ መጮህ አልነበረብኝም። ፊርማ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ክረምት፣ በተማሪዎቼ ትርፍ ደብተር ላይ። ስሟን አርባ ገጽ ሞልታ ጻፈች። መነፅርም ያኔ ነው የተገዛላት። ያ ሁሉ ለዚህ ወረቀት ከሆነ ባላስተማርኳት ይሻል ነበር።

አዶት ጥጓ ላይ ተቀምጣ ትሰማን ነበር። ደንቆሮ መስላ መቀመጥ ትችልበታለች።

እሑድ፣ መስከረም 18

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አራት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሦስቱ የአጎቴ ሰዎች ናቸው። አራተኛው ሐጂ ሸምሱ፣ አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን፣ የአባዬ ወዳጅ። የአባዬ ወንበር ምሰሶው ሥር ባዶውን ነበር። ሴቶቹ ጓዳ በር ላይ ተሰብስበን እንሰማለን፤ እንደ ወጉ።

አጎቴ ጀመረ፤ «በሬውን ያቆመው ብርሃኑ፣ በሕዝብ ፊት ተመርቆ...»

ገመዱን ከተሰቀለበት አወረድኩና ገባሁ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፣ እውነቱን ለመናገር። ወንበሩን ከምሰሶው ጋር አሰርኩት፣ በአባዬ ቋጠሮ። ደጋግሜ ሳብኩት፣ ጠበቀ።

«ወንበሩን ይውሰድ» አልኩ። «ግን ፈትቶ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አለ አጎቴ።

«ምንም አልነካኝም፣ ጋሽ ክፍሌ። ሁለት ዓመት በሬ ያሰረ ሰው በሬ መፍታት ይችላል ብዬ ነው።»

ብርሃኑ ሳቀና ተነሳ። መሳቅ ያበዛል። ጎተተ። ጥፍሩን ሰደደ። ተንበረከከ፣ ነጩ ሱሪው አቧራ ሆነ። ጓዳ በር ላይ አንዷ አክስቴ ሳቋ አመለጣት። እጁ ለሥጋ ወደተቀመጠው ቢላ ሲሄድ ሐጂ ሸምሱ በከዘራቸው መቱት፤ በቀስታ ነው፣ ግን መቱት።

«ተው ልጄ፣ ሐሙስ ዕለት ቆርጠሃል። ዛሬ ፍታው።»

አልፈታውም።

«እኔ ማለዳ ከሱብሂ ሶላት ስመለስ» አሉ ሐጂ፣ «ወላሂ፣ ይቺን ልጅ ከእንሰቱ መሀል ቅጠል ተሸክማ ስትወጣ ያላየሁበት ቀን የለም። የመጀመሪያ ቀንማ ሌባ መስላኝ ጮኼያለሁ። በሬው የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ክፍሌም ያውቃል።»

ያሸነፍኩ መሰለኝ። ሞኝ ነኝ።

ከአጎቴ ሰዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «እውነት ነው፣ ምርቃቱ ተሳስቷል» አለ። «ግን ምርቃት አይመለስም። ወርዷል። አንቺም አሜን ብለሻል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንቺን ደግሞ መልካም ባል ይስጥሽ ብለን እንመርቅሻለን።» ሁሉም እጃቸውን ዘረጉ። ይህንን ያህል ነው የእነሱ ፍርድ፦ ስህተቱ ለወንድሜ ይጽናለት፣ እኔ ላይ ባል ይውረድልኝ።

አሜን አላልኩም።

አጎቴ ወረቀቱን አወጣ። እማዬን ጠሩ። መጣች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። እኔን አላየችኝም። ትፈርማለች፣ አልኩ በልቤ፤ አለቀ።

«መነፅሬን አምጡልኝ» አለች።

መነፅሩ የለም። ከመስኮቱ ጫፍ አይንቀሳቀስም ነበር። አክስቶቼ አልጋ ገለበጡ፣ ሊሊ በስልኳ መብራት ቁምሳጥን ሥር ገባች፣ አንድ ሰው የቅቤውን ገንቦ ሳይቀር ከፍቶ አየ። የለም።

«ችግር የለም» አለ ብርሃኑ፣ «በጣቷ ትፈርም። ቀለም መኪና ውስጥ አለኝ።»

ወንድሜ አንዳንዴ ይጠቅመኛል።

እማዬ ቀና አለች። «በጣቴ?»

«ያው ነው እኮ፣ እማ።»

«ያው አይደለም! እኔ ስሜን መጻፍ የማውቅ ሰው ነኝ። እንደማያውቅ ሰው ጣቴን ቀለም ነክሬ አልፈርምም።»

«እኔ አነብልሻለሁ» አለ አጎቴ።

ከጥጉ በኩል አዶት አፏን ከፈተች። ሦስት ቀን ሙሉ አልተናገረችም ነበር። «አንተማ» አለችው፣ የገዛ ልጇን፣ «በሬውንም አንብበህልን ነበር።»

ሐጂ ሸምሱ በሳቅ ብዛት ሳል ያዛቸው። ሽማግሌው ተበተነ።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ሄዱ። ስፒከሩ፣ ነጩ ጫማ፣ ወረቀቱም። ወረቀቱ አልተፈረመም። ብርሃኑ መኪና ውስጥ ሆኖ «ለገና እመለሳለሁ፣ ያኔ በረጋ መንፈስ እንነጋገራለን» አለኝ። መንፈሱ የረጋ ሰው መኪናው ውስጥ የጣት ቀለም ይዞ አይዞርም።

አጎቴ ሰላም ሳይለኝ ሄደ። አልከሳበትም።

ከሰዓት የአዶትን መደብ ላነጥፍላት ብድግ ሳደርጋት የእማዬ መነፅር ከሥሯ ወደቀ። በነጠላዋ ጫፍ ተጠቅልሎ፣ አንድ ጆሮው ተጣሞ።

«አዶት! ትናንት አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠሽበት ነበር?»

«ቆረቆረኝ» አለች።

እማዬ መነፅሩን አቃንታ አደረገችው። ሰው ምን ይላል የሚለው ገና ከልቧ አልወጣም፣ አየዋለሁ። ለገና ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ግን ማታ ደብተሩን ከጠረጴዛዬ አንስታ ስሟን ሦስት ጊዜ ጻፈች፣ ከዚያ «ያልፈረምኩት ነገር የእኔ እንደሆነ ይቆያል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይቆያል» አልኳት። ነገ አብረን የሕግ ባለሙያ ዘንድ እንሄዳለን። እሺ ብላለች። በቀጭን ድምፅ፣ ግን ብላለች።

ወንበሩ ምሰሶው ላይ እንደታሰረ ነው። ለመጥረግ ልፈታው ስል አዶት በምርኩዟ እጄን ነካች፤ «ተይው፣ ለገና ሲመጣ ይለማመድበት።»

ሌላ ጥጃ እፈልጋለሁ። ለሚቀጥለው መስቀል አሳድገዋለሁ፣ ስሙንም እኔ አወጣለታለሁ፣ ሲታረድም ፊት ለፊት ቆሜ የማን እንደሆነ በአፌ እናገራለሁ። ላቤን በሌላ ሰው ስም ሲመርቁት ከእንግዲህ አልቀበልም። ጓዳ በር ላይ ቆሜ የቤቴን ጉዳይ በጆሮዬ ብቻ መስማት አልቀበልም። የአያቴ እንሰት በሻወር ሲለወጥ አልቀበልም። ሽማግሌም ይሁን ጳጳስ እጁን ቢዘረጋ፣ ምን እንዳለ ሰምቼ ሳልጨርስ ከአፌ አሜን አይወጣም።