አሥራ ሁለት እርምጃ መሄድ ስላቃተው ቀይ ማመልከቻ

ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለክቡር አቶ ሚሊዮን ላቀው
በወርቅ አዝመራ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የመረጃ ደኅንነት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? የቢሮዎ ጣሪያ እንደ መዝገብ ቤታችን እንደማያፈስ ባውቅም፣ የሐምሌ ብርድ ኃላፊና ተራ ሠራተኛ አይለይምና፣ ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ ከሁሉም በላይ ቀይ ምልክት የሚለጥፉበትን ቀኝ እጅዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን እያልሁ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ፣ ክብር ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ከሰኞ ጀምሮ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆኗል፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ። ወሬ እንደማበዛ ያውቃሉ፣ ይታገሡኝ።

ይህ ደብዳቤ በር ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ስለሚለጠፍ፣ ለማያውቀኝ አላፊ አግዳሚ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ዝናሽ ቢተው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በዚህ ዩኒየን መዝገብ ቤት ከተቀመጥሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ካቻምና የባቄላ ጨረታችን ኤንቨሎፕ ሳይከፈት ዋጋችን በነጋዴ አፍ ላይ ተገኝቶ፣ ገበሬው ባቄላውን አቅፎ እንደከረመ የሚረሳ የለም። በጠቅላላ ጉባኤው «ምስጢራችን ይጠበቅልን» ሲባል እኔም ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ያኔ ያጨበጨበው እጅ ነው ዛሬ የሚጽፍልዎ።

እርስዎም ከደሴ መጡልን፤ አራት ቀለም ያላቸው ተለጣፊ ምልክቶችም ይዘው መጡ። ነጩ ማንም ሊያየው ለሚችል ወረቀት፣ አረንጓዴው ለሠራተኛ ብቻ፣ ቢጫው ለክፍል ኃላፊና ለመዝገብ ቤት፣ ቀዩ ደግሞ እርስዎ በጽሑፍ ለፈቀዱለት ሰው ብቻ። እንዲህ ያለ ጥሩ ሥርዓት አይቼ አላውቅም፤ ይህን ስል አላሾፍሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አንቀጽ አራት አመሰግናለሁ። «የተጠራጠረ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርግ» ይላል። እዚህ አገር ደግሞ የማይጠራጠር ማን አለ? ነጭ የለጠፈ ይጠየቃል፣ ቀይ የለጠፈ ግን ማንም አይጠይቀውም። በመሆኑም የነጩ ጥቅል ከነላስቲኩ ሲቀመጥ፣ ቀዩ ሦስት ጊዜ ከደሴ ታዘዘ። የሻይ ተረኞች ዝርዝር ቀይ ሆነ። የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ መረከቢያ መዝገብም ቀይ ሆነ፤ ስለዚህ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል። እርስዎ ለስብሰባ ወግዲ በሄዱባቸው ሁለት ቀናት የሆነውን እኛና እግዚአብሔር ብቻ እናውቃለን፤ እርሱም በቀይ ይመደብልን።

ሁለተኛ፤ ማመልከቻዬን ስለ ጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። ኅዳር ላይ የአቀስታ ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ፈለገ። እናቴ ወይዘሮ የትምወርቅ ሰማንያውን አልፋ ብቻዋን የምትኖረው አቀስታ ነውና፣ ወደዚያ እንድዛወር ባንድ ገጽ አመለከትሁ። እርስዎም አንብበው የሰው ስም፣ ዕድሜና ሕመም ስላለበት ቀይ ለጠፉበትና ወደ ብረት ቁምሳጥኑ አስገቡት። የቁምሳጥኑ ቁልፍ በአንገቴ ላይ ነው፤ ፈቃዴ ግን ቢጫ ስለሆነ መቆለፍ እንጂ መክፈት አልችልም። የሚፈርሙት ሥራ አስኪያጁ አቶ ብዙነህ ከቁምሳጥኑ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል፤ በእግሬ ቆጥሬዋለሁ። ሆኖም ቀይ የማየት ፈቃድ የላቸውም፤ ፈቃድ የጠየቁበት ቅጽ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ስለያዘ እርሱም ቀይ ሆኖ ከእኔ ማመልከቻ ሥር ተኝቷል። እነሆ ስምንት ወር ሙሉ ሁለቱ ወረቀቶች ተቃቅፈው ይኖራሉ። ድሮ መቅደላ አምባ ላይ ታስረው የነበሩት ሰዎች እንኳ ደብዳቤ ይልኩ ነበር ይባላል። ያኔ የእርስዎን ያህል የሠለጠነ ኃላፊ አልነበረማ።

ሦስተኛውን ሳልቀልድ ልጻፈው። ስልካችንን ጠዋት ለጥበቃው ለየኋላሸት አስረክበን በእንጨት ሣጥን ይቆለፍበታል፤ ሣጥኑም ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አይከፈትም። በጥር ወር ባንድ ማክሰኞ እናቴ ከደጃፏ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ጎረቤቷ ማርያማዊት ዘጠኝ ጊዜ ደወለችልኝ። ማታ ስወጣ የኋላሸት ዓይኔን ማየት አቅቶት፣ «እትዬ ዝናሽ፣ ሣጥኑ ሲንቀጠቀጥ ነው የዋለው፤ የማን ስልክ እንደሆነ ግን ከፍቼ እንዳላይ ተከልክያለሁ» አለኝ። እሱ ምን ያድርግ። በዚያ ሰዓት ወደ አቀስታ የሚሄድ ሚኒባስ አልነበረም። በማግስቱ ስደርስ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ማመልከቻ ማስገባቴን ነገርኋት። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ስደውል የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ አልመጣም ማለት ነውር አይደለም፤ ወር መጥቶ ወር ሲሄድ የማይነበብ ማመልከቻ አለ ብለሽ ግን አታታልይኝ»። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ጠብቄ፣ ለገዛ እናቴ የማሳያት አንዲት ወረቀት አጣሁ። ለዚህም አመሰግንዎታለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ሹመቴ። ግንቦት ላይ በኮሪደሩ አስቁሜ ስለ ዝውውሬ ብጠይቅዎ ፈገግ ብለው፣ «ወይዘሮ ዝናሽ፣ ማመልከቻው ቢደርስም እኮ አይሆንም፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋይል በጭንቅላትዎ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ቀይ ነዎት፤ ቀይ ደግሞ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ አይዘዋወርም» አሉኝ። አጃኢብ! ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም። ዕለቱን ወደ ቤቴ ስሄድ የዩኒየኑ ንብረት ከግቢ እየወጣ እንደሆነ ተሰምቶኝ ዙሪያዬን ገላመጥሁ። የኋላሸትም እንደ ደንቡ የምሳ ዕቃዬን ከፍቶ የተረፈ ሽሮዬን በማንኪያ ካማሰለ በኋላ፣ «ሽሮው ይለፍ፤ ጭንቅላትዎን ግን የት ላስቀምጠው?» ብሎ አሳቀኝ። ስቄ ሳበቃ ግን በሩ ላይ ትንሽ ቆምሁ። ከዚህ ግቢ የምወጣው ያወቅሁትን ሁሉ ስረሳ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የእናቴን ቤት መንገድም እረሳዋለሁ።

በዚያው ሰሞን «ለማንም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ» ምንም እንዳልናገር ያስፈረሙኝን ቃል ኪዳን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ፣ አባቴ፣ ከእንግዲህ ሁሉን አልነግርዎትም ይሆናል ብላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ኃጢአትሽን ንገሪኝ እንጂ የባቄላ ዋጋ ምን ይሠራልኛል» አሉኝ። በእርሳቸው በኩል ሥጋት አይግባዎት።

አምስተኛው ቅሬታም ምስጋናም ነው፤ የደስታዬ ምንጭ እርሱ ነውና ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ማንኛውም ቀይ ወረቀት ለማመሳከሪያ በሦስት ቅጂ እንዲባዛ አዘዋል። አንዱ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ከተመሳከሩ በኋላ ይወገዳሉ። ለማስወገጃ የተገዛው የወረቀት መቁረጫ ማሽን ግን የአጠቃቀም መመሪያው ቀይ ስለተለጠፈበት እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። ስለዚህ ትርፍ ቅጂው በማዳበሪያ ጆንያ ይታጨቅና ይከማቻል። ጆንያዎቹ በር ሲያልፉ «ቆሻሻ» ተብሎ ስለተጻፈባቸው አይፈተሹም፤ የሚፈተሸው የእኔ ሽሮ ነው። የሚቃጠሉ መስሎኝ ነበር። ለካስ ጠቅላላ አገልግሎት አህመዲን ለሚባል የአቀስታ ቅመም ነጋዴ እየሰጣቸው ኖሯል።

ባለፈው ሰኞ፣ በሥላሴ ዕለት፣ ጽዋው የእናቴ ተራ ነበር። ማርያማዊት ለወጡ ጥቁር አዝሙድ ከአህመዲን ሱቅ ገዝታ መጣች። ጥቅሉን ስትፈታው ወረቀቱ ላይ ቀይ ምልክትና «ዝናሽ ቢተው» የሚል ስም አየች። ለጽዋው የመጡት መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ መነጽራቸውን አድርገው፣ አሥራ አምስት ማኅበርተኛ በተሰበሰበበት፣ ማመልከቻዬን ከቀኑ እስከ ፊርማዬ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አሥራ ሁለት እርምጃ መሄድ ያቃተው ወረቀት በሚኒባስ አቀስታ ድረስ ሄዶ፣ አዝሙድ አዝሎ እናቴ ቤት ገባ።

እኔም ለአህመዲን ደወልሁለት። ሰባት ጆንያ እንደወሰደና ሦስቱ እንደቀሩት ከነገረኝ በኋላ፣ «ወላሂ እታለም፣ ወረቀታችሁ ጥሩ ነው፤ ቅመም አያፈስም» ብሎ አመሰገነን። የዘንድሮውን የባቄላ ዋጋችንንም በርበሬ ሲጠቀልልበት አይቶት፣ የካቻምናው ትንሽ ይሻል ነበር የሚል አስተያየት አለው። ለማንም እንደማይነግር በፈጣሪው ምሎልኛል፤ የቀሩትንም ጆንያዎች በጥያቄዬ አስሮ አስቀምጧል። ጨረታው ሳይከፈት ዋጋውን ቢቀይሩት ግን አይከፋም። ይህን የምነግርዎ ዩኒየኑን ስለምወድ ነው፤ የገበሬው ባቄላ ዳግም ሲከርም ማየት አልፈልግም።

አሁን ወደ አንቀጽ ዘጠኝ ልምጣ። ይህን አንቀጽ በእጅዎ የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ «በሕዝብ ዘንድ የታወቀ መረጃ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ወደ ነጭ ይወርዳል» ይላል። ማመልከቻዬ በአንድ መሪጌታና በአሥራ አምስት ማኅበርተኛ ፊት ተነቧል፤ ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ነጭ ነው። በጭንቅላቴ አለ ያሉት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋይልም ቅጂው በጆንያ ወጥቶ ከኮረሪማና ከበርበሬ ጋር ገበያ ዋለ፤ ስለዚህ እኔም ነጭ ነኝ። ከትናንት በስቲያ የነጩን ጥቅል ላስቲክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈትቼ አንዱን እዚህ ደብዳቤ ላይ፣ አንዱን ደግሞ ደረቴ ላይ ለጥፌያለሁ። የኋላሸት አይቶ አሳለፈኝ።

የአቀስታው ቦታ ሐምሌ ሠላሳ ይዘጋል። ማመልከቻዬን ከዚህ ደብዳቤ ሥር በእጄ ገልብጬ፣ ለአቶ ብዙነህ ፊርማ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ነጭ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ ከወንበራቸው ተነሥተው እስከ ሰሌዳው መምጣት ብቻ ነው። እስክሪብቶም አንጠልጥያለሁ፤ እንዳያፈተልክ በክር አስሬዋለሁ።

በቢጫ ፈቃድ የምትቆልፍ፣ ያለ ፈቃድ የማትከፍት፣ ጤናዎንና የዕድሜዎን መርዘም ዘወትር የምትመኝ፣ በእርስዎ ቀይ ተሹማ በአህመዲን ነጭ የወጣች፣ ታማኝ አገልጋይዎ

ዝናሽ ቢተው
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለአቶ ብዙነህ (ቆመው እንዲያነቡት)
ለአቀስታ ገበያ መላክ አላስፈለገም፤ በተለመደው መንገድ ይደርሳል።

ማስታወሻ፦ ያፈተለከው ቅጂ ለምርመራ ሊፈልጉት እንደሚችሉ አስቤ እናቴን ላኪልኝ ብላት እምቢ አለችኝ። ሰኞ ማታ ስልኬን ከሣጥኑ ተቀብዬ ስደውልላት፣ «ለካ ጠይቀሻል» አለችኝ። ማርያማዊት እንደነገረችኝ ወረቀቱን ከአዝሙዱ አራግፋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ የአባቴ ፎቶግራፍ ባለበት ሙዳይ ውስጥ አኑራዋለች። ሙዳዩ ቁልፍ የለውም፣ ቀለምም አልተለጠፈበትም፤ እናቴም ማንበብ አትችልም። ከዚያ ሙዳይ ግን በስድሳ ዓመት ውስጥ አንድም ነገር አምልጦ አያውቅም። ሥልጠና ካስፈለገዎ ወደ አቀስታ ብቅ ይበሉ፤ እናቴ አሁን በምርኩዝ እየተነሣች ነው፣ በር ትከፍትልዎታለች።