በሕይወት ላለችው ሚስቴ ስለተተከለው ድንኳን

ለክቡር ራ ሞዲሪ፣
የሞሩላ መንደር እድር ዳኛ፣
ቦትስዋና

በሕይወት ላለችው ሚስቴ ለሴቱንያ ድንኳን ተክላችሁ፣ በሬዬን አርዳችሁ ለቅሶ ተቀምጣችኋል። ይህን ካልኩ በኋላ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ የእኛ ሟች ተመስገን ነው፣ ዛሬ ገንፎዋን ጨርሳለች።

ሐኪሞቹ ማህፀኗን በቀዶ ሕክምና አውጥተው ወደ ቤት ሲመልሷት፣ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳና ከፍ ያለ አልጋ ላይ እንዳትወጣ አዘዙ። ስለዚህ ሶፋዎቹን ወደ ግቢ አውጥቼ ፍራሹን ሳሎን መሬት ላይ ዘረጋሁ፣ መጋረጃውንም ጋረድኩ። በአገራችን ሶፋ የሚወጣው ሰው ሲሞት መሆኑን አላጣሁትም፤ እድርተኛው ግን ከማልቀሱ በፊት ይጠይቃል ብዬ በከንቱ ገመትኩ። ማህፀን የሚለውን ቃል ለመጥራት አፍራችሁ «የሆድ ነገር ነው» እያላችሁ ስትንሾካሾኩ፣ ወሬው መንደሩን ዞሮ ሳይጨርስ ሞት ሆነ። ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ እሷን ፍራሹ ላይ አስተኝቼ በሩን ቆልፌ መድኃኒት ላመጣ ጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ውዬ ስመለስ፣ ጥቁሩ በሬዬ ባለሦስት እግር ድስት ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ፤ አምና ነፋስ ጣራዬን ሲወስደው እንዲህ አልሮጣችሁም።

ሁለተኛ፤ ጸሐፊያችሁ ማ ካጊሶ አንገቴን አቅፋ «አይዞዎት አባባ፣ ለማንም አይቀርም» እያለችኝ ሳለ፣ ሚስቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ማ ካጊሶ፣ ያ ድስት የእኔ ነው፣ እንዳታሳርሪው» አለቻት። ሴትዮዋ አጥሬን ጥሳ ሄደች፤ ለቀስተኛውም ተከትሏት ሸሸ። ሚስቴ በሳቅ ስፌቷ አሟት ሁለት ቀን አቃሰተች፤ ሳቅም ከከባድ ነገር እንደሚቆጠር ሐኪሞቹ አልነገሩንም ነበር።

ሦስተኛ፤ የሸሹት ሁሉ ሥጋው ሲበስል ተመለሱ።

አራተኛው ግን የሚያስቅ አይደለም። ባለፈው ሰኞ የላኩልኝ ደብዳቤ «እድሩ አንድን አባል የሚቀብረው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የሴቱንያ ጉዳይ ተፈጽሟል፤ ስሟም ከመዝገብ ተሰርዟል» ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየሰው ቀብር ለለቀስተኛ የሚቀርበውን ሥጋ ስትወቅጥ የኖረች ሴት፣ ተኝታ መዳን ሲገባት እየተነሳች «እኔንስ ማን ይቀብረኛል?» ትለኛለች። ቁስሏ እየጠገገ ነው፤ ይህ ግን አልጠገገም። የወጣው ስድስት ልጅ ተሸክሞ በክብር ጡረታ የገባው ማህፀኗ ነው፤ ነፍሷ አብራው አልወጣችም። እስከ እሑድ ስሟን ወደ አባላት መዝገብ ይመልሱ። ካልመለሱ ሐኪም እንደፈቀደላት ይዣት እመጣለሁ፤ በስብሰባው ፊት ሟቿ ራሷ ትናገራለች።

በበሬዬ ሥጋ የበረታ ጉልበትዎን ያሰንብትልኝ እያልኩ፣

ሚስቱ ያልሞተችበት አባልዎ፣
ኦቴንግ ሴቦኒ

ማስታወሻ፦ ድምጿ ከመዝሙራችሁ በላይ መውጣት ቢያቅተውም፣ በግቢዬ ያደረጉትን የስንብት ንግግር ሚስቴ ፍራሿ ላይ ሆና ሰምታዋለች። «ዝምተኛና ታዛዥ ነበረች» ያሉት ስለ ማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። መልሱን ለእሷ ይንገሯት፣ ቤት አለች። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ እስክሞት አፌን አልከፍትም።